ያልተለካው ሸክም፦ የወረርሽኝ ዘመን ውጥረትና የአእምሮ ጤና ግምቶች

«ላንሴት» የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ያወጣው ጥናት፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በ2020 በዓለም ሕዝብ አእምሮ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በቁጥር ለማስቀመጥ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ነው። 204 አገሮችንና ግዛቶችን የሚሸፍነው ይህ ጥናት፣ በወረርሽኙ ምክንያት ከባድ ድባቴ በ27.6 በመቶ፣ የጭንቀት ሕመም ደግሞ በ25.6 በመቶ መጨመሩን ይገምታል። ይህም እንደ ቅደም ተከተሉ 53.2 ሚሊዮንና 76.2 ሚሊዮን ተጨማሪ ሕሙማን ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በማርች 2022 ተመሳሳይ አኃዝ አሰምቷል።

የጥናቱ ዋና ጥንካሬ ከወረርሽኙ በፊት የተወሰደ መነሻ ልኬት ያላቸውን ጥናቶች ብቻ መቀበሉ ነው። መነሻ በሌለበት ስለ ጭማሪ መናገር አይቻልምና ጥንቃቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከስሕተት የጠበቀው ይኸው ሕግ ድሆቹን አገሮች ከበር መለሳቸው። ከተገኙት 48 የመረጃ ምንጮች አብዛኞቹ የምዕራብ አውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሲሆኑ፣ ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ለኢትዮጵያ የቀረበው አኃዝ በኢትዮጵያውያን ላይ የተለካ ሳይሆን ከሌሎች ተነሥቶ የተሰላ ነው። አዘጋጆቹ የመረጃውን እጥረት ራሳቸው ገልጸዋል፤ አኃዙን የሚጠቅሱት ግን ይህን ማስጠንቀቂያ አብረው ሲጠቅሱ እምብዛም አይታይም።

ሁለተኛው ጉድለት በመስፈርቶቹ ላይ ነው። ስሌቱ የተመሠረተው በቫይረሱ ስርጭትና በሰዎች እንቅስቃሴ መቀነስ ላይ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። በዚያው ወቅት የበረሃ አንበጣ ሰብል ያጠፋ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. መባቻም በሰሜን ጦርነት ተቀሰቀሰ። ገቢው የተቋረጠበት የቀን ሠራተኛ፣ ለቀስተኛ ሳይከባት ልጇን የቀበረች እናት፣ ከቀዬው የተፈናቀለ ገበሬ፣ ሁሉም በእንቅስቃሴ መጠን ብቻ አይለኩም።

የውጥረት ባሕርይ ደግሞ መደራረብ ነው። አደጋ ሲያጋጥም ሃይፖታላመስ፣ ፒቱታሪና አድሬናል ዕጢዎች ተቀናጅተው ኮርቲሶልን ያመነጫሉ፤ ለአጭር ጊዜ ይህ ይጠቅማል። አደጋው ሲራዘምና ሌላው ሲታከልበት ግን መከላከያው ራሱ ጎጂ ይሆናል፦ እንቅልፍ ይታወካል፤ የደም ግፊትና የደም ስኳር ይጨምራል፤ ለድባቴ የመጋለጥ ዕድል ይሰፋል። ማክዩዌንና ስቴላር በ1993 «አሎስታቲክ ሎድ» ያሉት ይህንኑ ድምር ሸክም ነው። የአንድ ዓመት ግምት ይህን ሸክም አያሳይም። በጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። በቻይና 34 ሆስፒታሎች 1,257 ባለሙያዎችን የጠየቀው ታዋቂ ጥናት 50.4 በመቶው የድባቴ ምልክት እንደነበራቸው ቢያሳይም፣ መረጃው የተሰበሰበው በጃንዋሪ 2020 መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ባሉ ጥቂት ቀናት ነበር። ከወራት የሌሊት ተረኝነት በኋላ የሚመጣውን ድካም ሊነግረን አይችልም።

ሦስተኛው ጉዳይ የመለኪያው ቋንቋ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት የድባቴ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ብቻ ይጠይቃል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ «ደብሮኛል» አይልም፤ «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሐሳብ በዛብኝ» ይላል። ይህን የማይሰማ መጠይቅ ሕመምተኛውን ጤነኛ ብሎ ይመልሰዋል።

ከዚህ የተነሣ ጥናቱን መጣል አይገባም፤ ዓለም ለአእምሮ ጤና ትኩረት እንዲሰጥ አግዟል። የሚገባው አኃዙን በልኩ መያዝና የጎደለውን መሙላት ነው። መነሻ ልኬት ያልነበራት አገር ለሚቀጥለው ወረርሽኝም መነሻ ሳይኖራት መቅረብ የለባትም። ሥራው ከቅርብ ይጀምራል፦ ምክንያቱ ያልታወቀ ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት እየደጋገመ የሚያመላልሰውን ሕመምተኛ፣ ከማስታገሻው ቀጥሎ ምን ምን እንደተደራረበበት መጠየቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ መመዝገብ። የጤና ተቋማት ኃላፊዎችም ይህንኑ ጥያቄ ለገዛ ባልደረቦቻቸው ማቅረብ አለባቸው። ያልተመዘገበ ሸክም በጀት አይያዝለትም፤ የሚሸከመው ሰው ግን አለ።