ከደጅ የሚሰማው ጩኸት፦ በሎርካ «የበርናርዳ አልባ ቤት» ላይ የቀረበ ሒስ

በስም የተከበሩ ሰዎች በስውር የሚሠሩትን ነውር አደባባይ ማውጣት የቴአትር የቆየ ተግባር ነው። ይሁን እንጂ አንድን ግብዝ ሰው ማሳየትና፣ ግብዝነት አንድን መንደር በሙሉ አስተባብሮ በአንዲት ሴት ላይ እንዴት እንደሚያዘምት ማሳየት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ተመልካቹን ያስቃል፤ ሁለተኛው ራሱን እንዲመረምር ያስገድደዋል። እስፓኛዊው ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ በ«የበርናርዳ አልባ ቤት» የመረጠው ይኸን ሁለተኛውንና አስቸጋሪውን መንገድ ነው።

ሎርካ ይኸን ባለሦስት ገቢር ተውኔት ጽፎ የጨረሰው በሰኔ 1936 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ እንደ ፈነዳ፣ የፍራንኮ ወገኖች በግራናዳ አቅራቢያ ገደሉት። ተውኔቱ ለመድረክ የበቃው በ1945 በቦነስ አይረስ፣ በተዋናይት ማርጋሪታ ሺርጉ ቡድን አማካይነት ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። ባሏ የሞተባት የስድሳ ዓመቷ በርናርዳ አምስት ሴቶች ልጆቿን ለስምንት ዓመት ሐዘን በር ዘግታ ታስቀምጣቸዋለች። የአባቷን ውርስ የያዘችው ታላቂቱ አንጉስቲያስ ለፔፔ ታጭታለች፤ ፔፔ ግን ሌሊት የሚገናኘው ከሃያ ዓመቷ አዴላ ጋር ነው። በመድረኩ ላይ አንድም ወንድ አይታይም።

የተውኔቱ ልብ የሚገኘው በሁለተኛው ገቢር መጨረሻ ላይ ነው። ከደጅ ጩኸት ይሰማል። የቤቱ ሠራተኛ ፖንሲያ ወሬውን ይዛ ትመጣለች፦ ያላገባችው የሊብራዳ ልጅ ከማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሕፃን ወልዳ፣ ኀፍረቷን ለመሸሸግ ስትል ገድላ ከድንጋይ ሥር ቀብራው ኖሮ፣ ውሾች አውጥተው ከደጃፏ ላይ ጥለውታል። መንደሩም እየጎተተ ሊገድላት ነው፤ ወንዶቹ ከወይራው እርሻ እየሮጡ ይመጣሉ። በርናርዳ፣ ሕግ አስከባሪዎቹ ሳይደርሱ እንዲጨርሷት ትጮኻለች። አዴላ ሆዷን በእጆቿ ይዛ እንዳይነኳት ትማጸናለች። ማርቲሪዮ ግን ዐይኗን በአዴላ ላይ ተክላ ቅጣቱ ይገባታል ባይ ናት።

ይህች ማርቲሪዮ ጥቂት ቀደም ብሎ የፔፔን ሥዕል ሰርቃ ከአልጋዋ ውስጥ የተገኘባት ናት። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» እንዲሉ፣ ቅናቷን የጨዋነት ልብስ አልብሳ ከሕዝቡ ጋር ትጮኻለች። ሎርካ የሊብራዳን ልጅ ከጥፋት ነጻ አላደረጋትም፤ ሕፃን ተገድሏል። ነገር ግን ለፍርድ ከሚጣደፉት መካከል ለሕፃኑ የሚያዝን፣ አባቱስ ማነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ያንገበገባቸው የፈረሰው ስም ነው።

የዚህ ሥነ ምግባር ሚዛን ምን ያህል የተዛባ እንደ ሆነ ደራሲው ቀደም ብሎ በጥቃቅን ነገሮች አመልክቷል። በመጀመሪያው ገቢር ደወል የሚደወልለት የበርናርዳ ባል ሠራተኛይቱን ከበረት በር ኋላ ሲዳፈራት የኖረ ሰው ነው። አጫጆች ሴት ቀጥረው ወደ እርሻ ሲወስዱ፣ ፖንሲያ ራሷ ለዚሁ ጉዳይ ለልጇ ገንዘብ ሰጥታ እንደ ነበር ያለ ኀፍረት ትናገራለች። በወንዱ ላይ እንደ ተፈጥሮ የተቆጠረው ነገር በሴቲቱ ላይ የሞት ፍርድ ይሆናል።

ብዙ ሐያስያን በርናርዳን የአምባገነንነት ተምሳሌት አድርገው ይተነትኗታል። አተረጓጎሙ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጥፋቱ ሁሉ በአንዲት ጨካኝ እናት ላይ ከተጫነ፣ በደጅ የሚጮኸው መንደር በነጻ ይለቀቃል፤ ተመልካቹም አብሮ። በርናርዳ በበትሯ የምታስከብረውን ሕግ አላወጣችውም። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች በአንድ አፋቸው እየጸለዩ በሌላው ሲያሟት እናያለን፤ እርሷም ይኸንኑ አፍ ስትፈራ ኖራለች። በእኛ ቋንቋ «ይሉኝታ» የምንለው፣ ሰውን ከነውር የሚያቅበው መልካም ስሜት፣ በዚህ ቤት ፍቅርንና ርኅራኄን አንቆ የሚገድል ገመድ ሆኗል።

ተዋንያኑ ሁሉ ሴቶች ስለ ሆኑ «የሴት ጠላቷ ሴት ናት» ለሚል ችኩል ድምዳሜም ተውኔቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ፔፔን ወደ አንጉስቲያስ የሳበው ውርሷ ነው፤ የቤቱ ክብር፣ መሬትና ጋብቻ በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ሴቶቹ ያልሠሩትን እስር ቤት በዘበኝነት ይጠብቃሉ።

ከዚህ የሚነሣ አንድ የዝግጅት ጥያቄ አለ። የምትጎተተውን ሴት መድረክ ላይ አምጥቶ ማሳየት አዘጋጅን ያጓጓል። ሎርካ ግን ከደጅ አስቀርቷታል። ደሙን ብናይ ለተጎጂዋ አዝነን ከንፈር መጠን ወደ ቤታችን እንገባለን። ጩኸቱን ብቻ ስንሰማና የሰሚዎቹን ፊት ስናይ ግን፣ እኛም ከበሩ መቃን ሥር ከቆሙት አንዱ እንሆናለን። ስለዚህ ያ ጩኸት ከአዳራሹ ኋላ፣ ከተመልካቹ ጀርባ ቢሰማ ለተውኔቱ የቀረበ አተረጓጎም ይሆናል፤ በርናርዳም እንደ አውሬ ሳትሆን፣ ጎረቤት እንደምናውቃት የተከበረች እመቤት ብትጫወት ይበልጥ ታስፈራለች።

በመጨረሻ አዴላ ራሷን ትሰቅላለች። እናቲቱ ልጅቷ በድንግልና እንደ ሞተች አውጃ ቤቱን ሁሉ ዝም ታሰኛለች። «ስም ከመቃብር በላይ» የሚለው ብሂል ከዚህ የከበደ ዋጋ አልተጠየቀበትም፤ ስሙን ለማትረፍ መቃብሩ ተቆፍሯል። በሁለተኛው ገቢር በደጅ የተጮኸባትና በሦስተኛው በቤት ውስጥ የጠፋችው ሁለት ሴቶች ዕጣቸው አንድ ነው። ተመልካች ከአዳራሹ ሲወጣ ሊያስታውሰው የሚገባው ከእነርሱ ሞት በፊት የነበረውን አጭር ጊዜ ነው፦ አንዲት ልጅ ብቻዋን «አይሆንም» ስትል፣ ሌሎቹ ሁሉ ድምፃቸውን ከደጁ ጩኸት ጋር ያስማሙበትን።