የጎልፍ አጭር ሜዳና የሐይቅ ውሃ፤ ከጀውሃ ሲታይ

ቅኔና ሥዕል፣ ቲያትርም በሂስ ሲመረመሩ እናያለን። የመጫወቻ ሜዳ ግን እንደ ሰው እጅ ሥራ ተቈጥሮ ስለ መልኩና ስለ ዐሳቡ ሲጠየቅ አናይም። ይሁን እንጂ ሜዳም የተደረሰ ነገር ነው፤ ደራሲው መሬትን ቀርጾ ለተጫዋቹ ጥያቄ ያቀርብለታል። በዚህ አጭር ሐተታ የምንመረምረው በውሃ ዳር የሚሠራውን አጭሩን የጎልፍ ሜዳ ነው። የምናየውም ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው መንገድ ላይ ከምትገኘው ከጀውሃ ሆነን ነው። ጀውሃ ሐይቅ የላትም፤ ጎልፍም የላትም፤ ነገር ግን የውሃን ዋጋ ታውቃለች።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን በአጭሩ እንግለጽ። ተጫዋቹ ኳሱን በዱላ እየመታ ወደ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ያስገባል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ለጎበዝ ተጫዋች ይበቃል የተባለው የምት ቍጥር አስቀድሞ ይወሰናል፤ ይህም ፓር ይባላል። ፓር 3 ማለት በአንድ ምት ኳሱን ጉድጓዱ ካለበት ከተላጨው ሣር ላይ አድርሶ፣ በሁለት ምት ማስገባት ነው። እንግዲህ ጉድጓዶቹ ሁሉ ፓር 3 የሆኑበት ሜዳ አጭር ይሆናል። ባለ 18 ጉድጓዱ ትልቁ ሜዳ ብዙ ጊዜ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲረዝም፣ ባለ 9 ጉድጓዱ አጭር ሜዳ በ1 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልቃል።

ከእነዚህ አጫጭር ሜዳዎች ስመ ጥሩው በአሜሪካ፣ በጆርጅያ ግዛት፣ በኦገስታ ከተማ በ1958 የተሠራው ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ሜዳው በሁለት ኩሬዎች ዙሪያ የተዘረጋ ሲሆን፣ አንደኛው ኩሬ ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት አይዘንሃወር ባቀረበው ምክር ተገድቦ የተሠራ ነው። ከ1960 ጀምሮ ከትልቁ ውድድር በፊት በዚህ ሜዳ ላይ አንድ ቀን ይጫወታሉ፤ የተጫዋቾቹ ልጆችም የአባቶቻቸውን ዱላ ይሸከማሉ። እስከ 2024 ድረስ በትንሹ ሜዳ አሸንፎ በዚያው ዓመት ትልቁን የደገመ ሰው የለም። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። ዳሩ ግን በዚያ ቀን ውሃው ማንንም አያስጨንቅም፤ ኳሱ ኩሬ ቢገባ ሕፃናቱ ይሥቃሉ። ውሃው ለዓይን እንጂ ለጨዋታው አልተቀመጠም ለማለት እንደፍራለን።

በተቃራኒው በፍሎሪዳ የሶግራስን ሜዳ እንመልከት። በ1980 የተከፈተውን ይህን ሜዳ የነደፈው ፒት ዳይ ሲሆን፣ 17ኛው ጉድጓድ ከሚገኝበት ቦታ ለሌላ ሥራ አሸዋ ሲወሰድ ሰፊ ጕድባ ቀረ። ሚስቱ አሊስ ጕድባው በውሃ ይሞላና ጉድጓዱ በደሴት ላይ ይሁን አለች። ርቀቱ 125 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጎበዝ ተጫዋች በቀላል ምት ይደርስበታል። ነገር ግን ጥቂት የሳተ ውሃ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ውሃው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆነ። በእኛ አስተያየት የአጭር ሜዳ ጥበብ ይህ ነው፤ የሜዳው ማጠር ሰበብን ያሳጣል፤ የጕልበት ማነስም ማመካኛ አይሆንም።

እንግዲህ የመጀመሪያው መለኪያችን ውሃው በጨዋታው ውስጥ ሥራ አለውን? የሚል ነው። ሁለተኛውን መለኪያ ግን ከኦገስታም ከሶግራስም አናገኘውም፤ እርሱም፦ ውሃው የማን ነው? የሚል ነው።

የጀውሃ ወንዝ ከደጋው ወርዶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከላይ የተቀዳ ውሃ ሁሉ ከታች ይጐድላል ማለት ነው። በይፋት ቆላ ገበሬው ውሃን በቦይ እየመራ ሽንኵርትና ቲማቲም ያለማል፤ በበጋ ተራ ጠብቆ ያጠጣል፤ ተራ ያፈረሰም ጠብ ያነሣል። እንዲህ ባለ አገር ሣርን ለዓይን ማማሪያ ዓመቱን ሙሉ ማጠጣት ቀላል ነገር አይደለም። ሐይቅም ቢሆን የማያልቅ ዕቃ አይደለም። የሐረማያ ሐይቅ ለከተማ መጠጥና ለመስኖ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ኖሮ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ፤ ውሃው በከፊል የተመለሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያ ሐይቅ ይገኝ የነበረው ከአንድ ከፍተኛ የእርሻ ትምህርት ቤት አጠገብ መሆኑን ለእኛ ለተማሪዎች ማስታወስ ይገባል።

አንዳንዱ፣ «እንግዲያውስ ይህ ጨዋታ ለእኛ አይሆንም» ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። በዱላ ሩር መምታት ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የገና ጨዋታ አለን። ለገና ማንም ሣር አይዘራም፤ የታጨደ ማሳ ወይም የመንደር ሜዳ ይበቃዋል። በዕለቱም ጌታና ሎሌ ቢጋፉ ቂም አይያዝም። ጎልፍም ቢሆን ያደገው በስኮትላንድ የባሕር ዳር አሸዋማ ግጦሽ ላይ ነው፤ በዚያም ሣሩ በበጋ ይጠወልጋል። በ2006 በእንግሊዝ አገር በሆይሌክ ዓለም አቀፉ ውድድር ሲደረግ ሜዳው በድርቅ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ታይገር ውድስም በዚያው በደረቀው ሜዳ ላይ አሸነፈ። አረንጓዴነት ስለዚህ የጨዋታው ሕግ አይደለም፤ የባለ ሜዳው ምርጫ ነው።

ፍርዳችን የሚከተለው ነው። በሐይቅ ዳር አጭር ሜዳ መሥራት የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ከትልቁ ሜዳ ይልቅም ለእኛ የሚስማማው እርሱ ነው፤ መሬትም ውሃም በጥቂቱ ይበቃዋልና። ነገር ግን ሐይቁ ለሥዕል ብቻ ከተቀመጠ ሜዳው በጥበብ የደከመ ነው። ሣሩ ከገበሬው ቦይ ወይም ከሚጐድል ሐይቅ በበጋ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በፍርድ የተረታ ነው። በበጋ የሚገረጣ ሜዳ ሠርቶ ኳስን በውሃ ላይ ማሻገር የሚችል ሰው ግን ሁለቱንም ጥያቄ መልሷል፤ የጀውሃ ገበሬም ከቦዩ ዳር ቆሞ ቢያየው የሚከሰው ነገር አይኖርም።