በቆዳና በሽቦ መካከል

አዲስ ቅዳም ከተማ ላይ ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ኮርቻው ሲነሳ አስቀድሞ የሚያየው ጌጡን ሳይሆን የፈረሱን ጀርባ ነው። እንጨት ሥጋ ላይ ካረፈ ፈረሱ ገጣባ ይሆናል፤ ሙያው የሚለየው ከኮርቻው ሥር በሚነጠፈው ልብስ ነው።

ለልብ ምርመራ ደረት ላይ የሚለጠፈውን ክብ ፕላስተር ባየሁ ቁጥር ይኸው ትዝ ይለኛል። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነገር ነው፤ እስቲ ግን ገልብጡት። ከላይ ሽቦው የሚያያዝባት የብረት አዝራር አለች፤ ከሥሯ ብር፣ ብሩ ላይ ስስ የብር ክሎራይድ፣ ከዚያ ጨው የገባበት ዝልግልግ ጄል። ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ገላችን ውስጥ ግን ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድ የመሳሰሉ አዮኖች። ኤሌክትሮን ቆዳ አይሻገርም፤ አዮንም ሽቦ ውስጥ አይገባም። የሚያስማማቸው ያ ስስ ሽፋን ነው፦ ከሽቦው ኤሌክትሮን ሲገባ ክሎራይድ ወደ ጄሉ ይለቀቃል፤ ክሎራይድ ተመልሶ ብሩን ሲይዝ ኤሌክትሮኑ ወደ ሽቦው ይወጣል። የሚሻገረው መልእክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ የአንድ ባትሪ ድንጋይ 1,500ኛ እጅ! ይህን ሳያዛባ የሚያሳልፍ ሥራ ለእኔ ከማሽኑ ይበልጣል።

ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የልብን ምት ሲመዘግብ፣ ታማሚው ሁለት እጁንና ግራ እግሩን ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይነክር ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ኖቤል አገኘበት። ያ ሁሉ ባልዲ ነው ዛሬ ሳንቲም አክሎ የተለጠፈው።

አሁን ደግሞ እንዲህ ያለው ለስላሳ መሻገሪያ ከማዳመጥ አልፎ ለማከም እየተሞከረ ነው። የስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. በፕላስቲክ ስስ መስመር አዮን እየመረጠ የሚያሳልፍ ፓምፕ ሠሩ፤ ፈሳሽ አይገፋም፣ መድኃኒቱን ብቻ ያሻግራል። በ2015 እ.ኤ.አ. አይጦች አከርካሪ ላይ ተተክሎ ሕመም አስታግሷል። ዩኒቨርሲቲው ለእኛም ባዳ አይደለም፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሽመልስ አድማሴ ከዚያው ከሊንሾፒንግ ተመራማሪ ከኦሌ ኢንጋነስ ጋር፣ እንጨትን ከሚያጠነክረው ሊግኒን ኃይል የሚያከማች ኤሌክትሮድ ሠርተዋል።

ወደ ደረቱ ፕላስተር ልመለስና፣ አንድ ድክመት አለው፤ እሽጉ ተከፍቶ ከቆየ ጄሉ ይደርቃል፣ የልቡም መስመር ይንቀጠቀጣል። እናንተ ነርሶች፣ አንዱን ካወጣችሁ በኋላ የእሽጉን አፍ አጥፋችሁ ዝጉት።