የ1991 የፎሊክ አሲድ ጥናት፦ ያረጋገጠውና ያላረጋገጠው

ፎሌት በጎመን፣ በምስርና በሽምብራ ውስጥ የሚገኝ፣ የፕቴሪዲን ቀለበት ያለው ቪታሚን ነው። ፎሊክ አሲድ ደግሞ በመድኃኒትነት የሚዘጋጀው ዓይነቱ ነው። በሕዋስ ውስጥ ዋና ተግባሩ ባለ አንድ ካርቦን ቅንጣቶችን ማቀበል ሲሆን፣ ያለ እርሱ ለዲ.ኤን.ኤ. የሚያስፈልገው ታይሚን በበቂ መጠን አይሠራም፤ የፑሪን ቀለበትም አይሟላም። ስለሆነም እጥረቱ አስቀድሞ የሚጎዳው እንደ መቅኔና እንደ ፅንስ በፍጥነት የሚባዙ ሕዋሳትን ነው።

የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 በላንሴት መጽሔት ታተመ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዚያው አገር ከተደረጉት ሙከራዎች አንዳንዶቹ ቪታሚኖችን በድብልቅ የሰጡና ተሳታፊዎችን በዕጣ ያልደለደሉ ስለነበሩ፣ ጥቅሙ የየትኛው እንደሆነ አልለዩም። አዲሱ ጥናት ግን ቀደም ሲል የነርቭ ቱቦው ያልተዘጋ ፅንስ ያረገዙ 1817 ሴቶችን በ7 አገሮች፣ በ33 ማዕከላት፣ በዕጣ ለአራት ምድብ ከፈለ። ውጤታቸው ከታወቀው 1195 እርግዝናዎች መካከል ችግሩ የታየው ፎሊክ አሲድ ከወሰዱት በ6፣ በቁጥር ተቀራራቢ ከሆኑት ካልወሰዱት ደግሞ በ21 ነበር። ጥበቃው 72 በመቶ መሆኑ ነው። የጥናቱ ጥንካሬ ከዚህ አደላደሉ የመነጨ ነው።

ይሁንና ጥናቱ ከተናገረው በላይ ማንበብ አይገባም። በመጀመሪያ፣ ቪታሚኑ እንደሚከላከል እንጂ በምን መንገድ እንደሚከላከል አላሳየም። የዲ.ኤን.ኤ. ግንባታ መጓደል አሳማኝ ማብራሪያ ቢሆንም፣ በዚህ ሙከራ አልተፈተነም። በሁለተኛ ደረጃ፣ የተሰጠው መጠን በቀን 4 ሚሊግራም ብቻ በመሆኑ፣ አነስተኛው በቂ መጠን ስንት እንደሆነ አይነግርም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ተሳታፊዎቹ ሁሉ ለማርገዝ ያቀዱና ችግሩ ቀድሞ የደረሰባቸው ናቸው። ችግሩ ያልደረሰባቸውን ሴቶች በሚመለከት ክፍተቱን የሞላው እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የሃንጋሪ ጥናት ነው።

ለኢትዮጵያ ትልቁ ጥያቄ የጊዜ ጉዳይ ነው። የነርቭ ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ነው። በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል የሚሰጠው እንክብል ለደም ማነስ ቢበጅም፣ ብዙ ጊዜ ለዚህ ዘግይቷል። አጥኚዎቹም የመውለድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ሁሉ ምግብ በቂ ፎሊክ አሲድ እንዲኖረው ሐሳብ ያቀረቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ዱቄትን ማበልጸግ አንዱ መንገድ ሲሆን፣ እህሉን በሰፈር ወፍጮ ለሚያስፈጭ ቤተሰብ ግን አይደርስም።

ሆኖም ፖሊሲ የማያስጠብቅ አንድ ወገን አለ። ጥናቱ በቀጥታ የሚመለከታት፣ ኅብለ ሰረሰሩ ያልተዘጋ ልጅ የወለደች እናት ናት። እርሷን በተመለከተ ማስረጃው ከ1991 ጀምሮ የተሟላ ነው። ከወሊድ ወይም ከቀዶ ሕክምና ክፍል ስትሰናበት ከሚቀጥለው እርግዝና በፊት ፎሊክ አሲድ መጀመር እንዳለባት ካልተነገራት፣ ጉድለቱ የሳይንሱ ሳይሆን የአሰጣጡ ነው።