ይቅርታና ዕርቅ በጌታ ማዕድ ፊት፦ የኢፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ሒሳዊ ንባብ

መግቢያ

በአብያተ ክርስቲያናችን ጠብ ሲነሣ ምን እንደምናደርግ አንባቢ ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገኖች አንድ ምሽት ይጠሯቸዋል፤ ቃል ይነበባል፤ ይጸለያል፤ በመጨረሻም «በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ተባባሉ» ይባላል። ሁለቱ ይተቃቀፋሉ፤ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ጉዳዩ «በጌታ ተፈታ» ተብሎ ይዘጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም እንዲህ ባለ ምሽት ከአስታራቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። የሕፃናት አገልግሎትን ገንዘብ የምትይዝ አንዲት እህት «አጉድላለች» ተብላ በአባላት ስብሰባ ላይ ስሟ ተነሥቶ ነበር። ሒሳቡ ሲመረመር አንድ ብር እንኳ አልጎደለም። ከሳሹ ወንድምና እርሷ ተጠርተው ይቅር ተባባሉ። እርሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ስሜ የጠፋው በጉባኤ ፊት ነው፤ ንጹሕ መሆኔም በጉባኤ ፊት ይነገርልኝ።» እኛም «እህታችን፣ የዳነ ቁስል አንነካካ፤ ይቅር ብለሽ የለም ወይ?» አልናት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ የጌታ እራት ሲታደል ትሪውን ሳትነካ ወደ ጎን ታሳልፈዋለች።

ይህን የማነሣው ታሪኩን ለማውራት ብቻ አይደለም። የአምልኮ ሥነ መለኮት በማስተምርበት ክፍል ከተማሪዎቼ ጋር የአሜሪካዋን የኢፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ስናነብ፣ ያን ምሽት እንደገና እንድመረምር የሚያስገድድ ነገር ስላገኘሁበት ነው። ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ጋር በብዙ ትምህርት እንደማንስማማ ግልጽ ነው። ሆኖም ይቅርታን በአጥቢያ ሕይወት ውስጥ የት እንደምታኖረው መመርመር፣ ጉድለቷንም ማየት፣ እኛን ይጠቅመናል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ይቅርታን የት ያስቀምጠዋል?

የጋራ ጸሎት መጽሐፍ በ1549 በቶማስ ክራንመር መሪነት በእንግሊዝ ታተመ፤ በ1552 እና በ1662 ታረመ። አሜሪካውያኑ የራሳቸውን እትም በ1789 ፊላዴልፊያ ላይ አጸደቁ። አሁን የሚጠቀሙበት የ1979ኙ ነው።

በዚህ እትም የጌታ እራት ሥርዓት ውስጥ፣ ከምልጃ ጸሎት በኋላ ጉባኤው በአንድነት ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ቄሱ ሥርየትን ያውጃል፤ ወዲያው ምእመናን እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ መባ ይቀርባል፤ ማዕዱም ይዘጋጃል። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል። መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ከወንድም ጋር መታረቅ እንደሚገባ ጌታ ያስተማረው (ማቴ. 5፥23-24) እዚህ የአምልኮ ቅርጽ ሆኗል። የሰላም ሰላምታው የወዳጅነት መግለጫ ብቻ አይደለም፤ ከእግዚአብሔር የተቀበሉትን ምሕረት ለጎረቤት የማስተላለፍ ተግባር ነው።

አንዳንድ ተማሪዎቼ «የተጻፈ ኑዛዜ ልብ የለውም» ብለው ተቃውመዋል። እኔ ግን ችግሩ መጻፉ አይመስለኝም። የእኛም «ጌታ ሆይ ይቅር በለን» ባይጻፍም በቃላችን የያዝነው ነው። መጠየቅ ያለበት፣ ኑዛዜው ምን እንደሚናገርና ስለ ምን ዝም እንደሚል ነው። የመጽሐፉ ኑዛዜ በብዙ ቁጥር የሚነገር ነው። ማድረግ ሲገባን የተውነውን ይጨምራል፤ ባልንጀራን እንደ ራስ አለመውደድንም በግልጽ ይጠቅሳል። ጥንካሬው ጳጳሱም አዲሱ አማኝም አብረው መንበርከካቸው ነው። ድካሙም ከዚያው ይመጣል፤ ሁሉም የተናዘዘው ኃጢአት የማንም ሳይሆን ሊቀር ይችላል። «በድለናል» የሚለው ቃል «በድያታለሁ» ከማለት መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉ ለዚህ ሁለት መድኃኒት ይዟል። አንደኛው በ1979ኙ እትም የተካተተው የግል ኑዛዜ ሥርዓት ነው። ሰው ኃጢአቱን ለይቶ ይናገራል፤ ቄሱም ምስጢሩን ፈጽሞ እንዳያወጣ ይታዘዛል። ቄስ ያልሆነ ክርስቲያንም ኑዛዜን መስማት እንደሚችል መጽሐፉ ይፈቅዳል፤ እንዲህ ያለው ሰሚ ግን በክህነት ሥልጣን ሥርየት አይሰጥም፤ የእግዚአብሔርን ይቅርታ ያስታውቃል እንጂ። ያዕቆብ 5፥16ን አጥብቀን የምንጠቅስ እኛ ይህን በተግባር ምን ያህል እንደምናደርገው ራሳችንን መጠየቅ ይኖርብናል።

የተረሳው መመሪያ

ሁለተኛው መድኃኒት ከጌታ እራት ሥርዓት በኋላ ባለው የመመሪያ ገጽ ላይ በጥቂት መስመሮች የሰፈረ ነው። ይዘቱ በራሴ አነጋገር እንዲህ ነው። ቄሱ በአባላት መካከል ጥላቻ እንዳለ ባየ ጊዜ እያንዳንዳቸውን ለብቻ ያነጋግራል፤ ይቅር እስኪባባሉ ድረስም ወደ ማዕዱ መቅረብ እንደማይችሉ ይነግራቸዋል። አንዱ ወገን ከልቡ ይቅር ብሎ በበኩሉ ያጠፋውን ለመካስ ቃል ቢገባ፣ ሌላው ግን እምቢ ቢል፣ ንስሐ የገባው ይቀርባል፤ እምቢተኛው ይቆያል። ቄሱም ሰውን ሲከለክል ቢበዛ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያቱን ለጳጳሱ ማሳወቅ አለበት።

የዚህ መመሪያ መሠረት ከክራንመር ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ሦስት ነገር ያስተምረናል። የአባላት ጠብ የግል ጉዳይ ሳይሆን የማዕዱ ጉዳይ ነው። ይቅር ማለትና ያጠፉትን መካስ አብረው ይጠየቃሉ። የአጥቢያው መሪም ብቻውን እንዳይፈርድ ከላይ ያለ አካል ያየዋል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 11 ሰው ራሱን ይመርምር ሲል፣ በዙሪያው ያለው ክርክር የጠገቡትና የተራቡት በአንድ ማዕድ ፊት መለያየታቸው ነው። እኛ ግን ይህን ክፍል ስናነብ ዓይናችንን ጨፍነን በየግላችን ወደ ውስጥ እንመለከታለን፤ አጠገባችን የተቀመጠውን አናይም።

የቅዱስ ቶማስ አጥቢያ

ታዲያ እንዲህ ያለ መመሪያ ያለው መጽሐፍ ይዞ የሚኖር ሕዝብ እንዴት ኖረ? ለዚህ በፊላዴልፊያ ያለውን የቅዱስ ቶማስ አፍሪካዊ የኢፒስኮፓል አጥቢያ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

መሥራቹ አብሳሎም ጆንስ በ1746 በደላዌር በባርነት ተወለደ። አስቀድሞ የሚስቱን ነጻነት ገዛ፤ እርሱ ራሱ ነጻ የወጣው በ1784 ነው። በፊላዴልፊያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ ሲጸልይ፣ ለጥቁሮች ባልተፈቀደ ስፍራ ነህ ተብሎ በጸሎት መካከል ሊያስነሡት ያዙት። ጸሎቱ እስኪያልቅ እንዲታገሡት ቢለምንም አልሰሙትም። ጸሎቱ ሲያበቃ ጥቁር ምእመናን በአንድነት ወጥተው ሄዱ። የዓይን ምስክሩ ሪቻርድ አለን ጊዜውን 1787 ይለዋል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ጥቂት ዓመታት ያዘገዩታል።

በ1793 ቢጫ ወባ ከተማይቱን ሲመታ ጆንስና አለን ጥቁር ወገኖቻቸውን አስተባብረው በሽተኞችን አስታመሙ፤ ሙታንንም ቀበሩ። ከወረርሽኙ በኋላ ማቲው ኬሪ የተባለ አሳታሚ፣ አንዳንድ ጥቁር አስታማሚዎች በሰው መከራ ገንዘብ እንዳጋበሱና እንደ ዘረፉ ጻፈ። ጆንስና አለን በ1794 መልስ አሳተሙ። የተቀበሉትንና ያወጡትን ሒሳብ በቁጥር አስቀመጡ። ክሱ በአደባባይ ስለ ነበረ መልሱም በአደባባይ ሆነ። ይህን ሳነብ የእኛ እህት የጠየቀችው ትዝ አለኝ፤ ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ። የፔንስልቬንያ ሀገረ ስብከት አጥቢያውን ተቀበለ፤ ሆኖም በሀገረ ስብከቱ ጉባኤ እንዳይሳተፍ የሚል ገደብ ተጣለበት። ጆንስ በ1795 ዲያቆን ሆነ፤ በኋላም በዚያች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ ሆኖ ተሾመ። ገደቡ ግን እስከ 1860ዎቹ ዘለቀ። ከስልሳ ዓመት በላይ፣ የቅዱስ ቶማስ ምእመናንና ከጉባኤው ያገለሏቸው ወንድሞች ያንኑ ኑዛዜ ከዚያው መጽሐፍ ይደግሙ ነበር ማለት ነው።

በ2006 የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በባርነት ውስጥ ለነበራት ድርሻ ይቅርታ እንድትጠይቅ ወሰነ። በጥቅምት 2008 የንስሐ አምልኮ ተደረገ፤ ዋና ጳጳሷ ካትሪን ጄፈርትስ ሾሪም በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። የተመረጠው ስፍራ የቅዱስ ቶማስ አጥቢያ ነበር። የበደለው ወገን ወደ ተበደለው ቤት መሄዱ ራሱ ትምህርት ነው፤ በእኛም ሽምግልና በዳይ ይሄዳል እንጂ ተበዳይ አይጠራም።

የመጽሐፉ ጉድለት

ከላይ ያመሰገንሁት መመሪያ በዚህ ታሪክ ፊት ሁለት ጉድለት ይታይበታል። አንደኛ፣ ጠብን የሚያየው በእኩዮች መካከል እንዳለ ጥላቻ ነው። ቄሱ ሁለት ምእመናንን ሊያስታርቅ ይችላል። በዳዩ ቄሱ፣ ጳጳሱ ወይም ሀገረ ስብከቱ ሲሆንስ ከማዕዱ ማን ይከለክለዋል? በ14 ቀን ውስጥ ለማን ይነገራል? መመሪያው ወደ ታች ያያል እንጂ ወደ ላይ አያይም።

ሁለተኛ፣ «እምቢተኛ» የሚለውን ማዕረግ የሚሰጠው ሥልጣን ያለው ነው። ተበዳዩ እውነቱ ይነገር ሲል በቀላሉ ይቅር ያላለ ይመስላል። እኛ በዚያ ምሽት ያደረግነው ይህንኑ ነው። እህታችን ከሳሿን አልጠላችም፤ እኛ ግን እውነትን መጠየቋን እንደ ቂም ቆጠርንባት። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው ተበዳዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ቁስሉ ያለው እርሱ ጋ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ይረዳናል። «ይቅር» ማለት በቃሉ ትርጉም «ይተው፣ ይቅርብኝ» ማለት ነው፤ ተበዳዩ ሊጠይቅ የሚችለውን ይተዋል። ዕርቅ ግን ከዚህ ይሰፋል። ሽማግሌ ጥፋተኛውን ይለያል፤ ካሳ ይቆርጣል፤ ከዚያ ያስታርቃል። የመጀመሪያውን አንድ ሰው ብቻውን ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለተኛው ሁለት ወገንና እውነት ይፈልጋል። ስሕተታችን ተበዳዩ የሰጠውን «ይቅር» ተቀብለን «ዕርቅ ወረደ» ማለታችን ነው።

አንባቢ ሊጠይቀኝ ይችላል፤ እግዚአብሔር በክርስቶስ በደላችንን ሳይቆጥርብን አስታርቆን የለምን (2ቆሮ. 5፥18-19)? አዎን። ነገር ግን ኃጢአትን አይቶ እንዳላየ አላለፈም። መስቀሉ የኃጢአታችን ክብደት በሰማይና በምድር ፊት የታየበት ነው (ሮሜ 3፥25-26)። ካሳም የይቅርታ ዋጋ አይደለም። ጌታ ወደ ዘኬዎስ ቤት የገባው ዘኬዎስ አራት እጥፍ ከመመለሱ በፊት ነው፤ ጸጋ ቀደመ፤ ነገር ግን ጸጋው የተበደሉትን ሰዎች ደጅ ሳያንኳኳ አልቀረም (ሉቃ. 19፥1-10)።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ከእኛው ሙያ አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው የኢፒስኮፓል ሴሚናሪ በ1823 ተመሠረተ፤ ባሪያዎች በግቢው ሠርተዋል። በ2019 ሴሚናሪው ለካሳ 1.7 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ በ2021ም በግቢው ለሠሩት ሰዎች ዘሮች መክፈል ጀመረ። ገንዘቡ በደሉን አይመዝነውም። ነገር ግን ለመክፈል ተቋሙ የእነዚያን ሰዎች ስም በመዝገብ መፈለግ ነበረበት። በስም የሚፈልግ ኑዛዜ «በድለናል» ብሎ ከሚያበቃው ይለያል።

ለእኛስ?

ከዚህ ንባብ ለአብያተ ክርስቲያናችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የጌታ እራት ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ይታወጅ፤ የተጣላ ሰው ወንድሙን ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልገዋል። በአምልኮው መካከል የምንሰጠው የአንድ ደቂቃ ዝምታ ለዚህ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎች «ይቅር ተባባሉ» ከማለታቸው በፊት የሆነውን ለይተው ይናገሩ፤ በጉባኤ ፊት የጠፋ ስም በጉባኤ ፊት ይመለስ። ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር እንድንል ያስተማረበት ምዕራፍ፣ በደል በየደረጃው እንዲገለጥ ያዘዘበት ያው ምዕራፍ ነው (ማቴ. 18፥15-22)። ሦስተኛ፣ ክሱ በሽማግሌዎች ላይ ሲሆን ራሳቸው ዳኛ አይሁኑ፤ ከሌላ አጥቢያ የሚታመኑ ሰዎች ይጠሩ።

ይህን ለሌሎች መጻፍ ቀላል ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ለዚህ መጽሔት ከመላኬ በፊት ለአጥቢያዬ ሽማግሌዎች ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የዚያች እህት ሒሳብ ንጹሕ እንደ ነበር በአባላት ስብሰባ እንዲነገር፣ በዚያ ምሽት ዝም እንድትል ካደረግናት አንዱ እኔ መሆኔንም ራሴ ቆሜ እንድናገር እንዲፈቀድልኝ ጠይቄአለሁ። ወደ እርሷም ቤት ሄጄ ነበር። ቡና አፈላችልኝ፤ ሰማችኝ፤ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ ድሮም ብያችኋለሁ» አለችኝ። ከዚያም «ስብሰባው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።