የሳምራዊው ሁለት ዲናር

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ያለው የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ብዙ ጊዜ ሲተረክ ዘይቱና ወይኑ ይነገርና ገንዘቡ ይዘለላል። እኔ ግን የታሪኩ ብርታት በገንዘቡ ላይ ይመስለኛል። አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር፤ ሳምራዊው ሁለት ከፈለ። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምጽዋት ይባል ነበር። እርሱ ግን ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ቀሪውን ወጪ ሁሉ ሊከፍል ቃል ገባ፤ ይኸውም ልኩን የማያውቀውን ዕዳ መሸከም ነው።

የሮቤና የጎባ ልጅ መንገዱን ለመገመት አይቸገርም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ቁልቁለቱ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ነው፤ ከሰነቴ ብርድ ወደ ደሎ መና ቆላ የሚወርድ ሰው ከዚያ እጥፍ በላይ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ መንገድ ከብቱን ለቁስለኛ ለቆ በእግር መሄድ ቀላል አይደለም። ካህኑንና ሌዋዊውንም ለመንቀፍ አትቸኩል፤ ወንበዴው ገና ከቋጥኙ ኋላ ሊኖር ይችላልና ፍርሃታቸው የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። ደግሞም የቆመው ሰው በእምነት የሚለይ፥ ከወገን የማይቈጠር ነበር። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ በሚውሉበት በባሌ ይህ ነገር በቶሎ ይገባል።

ምሳሌው ሳምራዊው ሲመለስ ስንት እንደ ከፈለ አይነግረንም። ይህን ክፍል በአገራችን ያየነው በወይዘሮ አበበች ጎበና ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው፥ በወሎ ረኀብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባላቸው አልወደዱትም፤ እርሳቸውም ልጆቹን ይዘው ከቤታቸው ወጡ። ሒሳቡ እስከ ዐረፉበት እስከ 2013 ዓ.ም. አልተዘጋም።