በሞቴ የማይባልላት እንግዳ

ሰውየው ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው እንቁላል እንደያዘ ሰው ተጠንቅቆ ነው። ሐምሌ ነበር። የዘቢዳር ጉም ቡታጅራ ላይ ወርዶ፣ ክሊኒኩ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ላሞች ጀርባ ይጤሳል። ክዳኑን ስገልጥ አራት እግሯንና ጭንቅላቷን ሰብስባ ድንጋይ ልብሷ ውስጥ የገባች ኤሊ አየሁ፤ ጀርባዋ እንደ ነብር ቆዳ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው።

«ዶክተር፣ ከመጣች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ አንድ ነገር በአፏ አልዞረም» አለኝ። ከኋላው አሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጁና የልጁ ሴት አያት ቆመዋል። ምን እንደሰጧት ስጠይቅ የመለሱልኝ አያትየዋ ናቸው።

«ያላቀረብንላት የለም ልጄ። ጎመን፣ ሙዝ፣ ወተት፣ እንጀራ፣ አይብ። ቆጮም ሞክረናል። ትናንት ሥጋ ከትፌ በጣቴ አፏ ላይ አደረግሁላት፤ በሞቴ አልኳት። ጭራሽ ጭንቅላቷን አስገብታ ቀረች።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ እፍረትም ነበረበት። በእኛ አገር እንግዳ ገብቶ ሳይበላ ከዋለ ነውሩ የቤቱ ነው። እንለምናለን፣ እናጎርሳለን፣ በሞቴ እንላለን፤ እንቢ ያለው ሰው ሦስተኛዋን ጉርሻ ሳይቀበል አይለቀቅም። ይህ ልማድ ለሰው መልካም ነው፤ እኔም ያደግሁበት ነው። ለኤሊ ግን አደገኛ ነው። እንስሳ በማከም ባሳለፍኳቸው ዓመታት እጄን መያዝን ከምንም በላይ ያስተማሩኝ አልበላ ያሉ እንስሳት ናቸው፤ ከእነሱም ይበልጥ ያስተማረችኝ ኤሊ ናት።

አዲስ የገባ እንስሳ ምግብ ሲተው ሁላችንም ምግቡን እንለውጣለን። ጎመኑ ካልሆነ ሙዙ፣ ሙዙ ካልሆነ ወተቱ እንላለን። ኤሊ ግን አልበላም ስትል ብዙውን ጊዜ የምትናገረው ስለ ምግቡ አይደለም፤ ስላለችበት ቦታ ነው። ስለዚህ ከየት እንደመጣች፣ የት እንደምታድር፣ ውኃ መቼ እንደቀመሰች ጠየቅሁ።

አባትየው ያገኛት ከመስቃን በስተምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ የበርበሬ ማሳ ዳር ነው። አራሚዎች ከበዋት ሲያይ ለልጄ ትሁን ብሎ መኪና ላይ ጫናት። ቤት ሲደርስ የበርበሬ ጆንያ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ አኖራት። ቡታጅራ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌ ሌሊት ሲሚንቶው ምን እንደሚመስል እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

የእኛ ምድጃ ሆዳችን ውስጥ ነው፤ የኤሊ ምድጃ ሰማይ ላይ ነው። የገዛ አካሏ ሙቀት አያመነጭላትም። ፀሐይ ሞቃ 30 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ ሆዷ ይሠራል፣ ትርባለች፣ ትንቀሳቀሳለች። ከ20 ዲግሪ በታች ስትወርድ አንጀቷ ይዘገያል፤ የበላችው ሳይፈጭ ይቆይና መብላላት ይጀምራል። እንግዲህ ሲሚንቶ ላይ የበረደች ኤሊ አፏን ስትዘጋ አብዳ አይደለም፤ ራሷን እየጠበቀች ነው። አያትየዋ በጣታቸው ያቀረቡላትን ሥጋ ውጣው ቢሆን ኖሮ ይብስ ነበር። ይህች ዓይነቷ ሣርና ቅጠል በል ናት፤ ሥጋም ወተትም እንጀራም ለእሷ አልተፈጠሩም። በግድ የሚገፋ ጉርሻ ደግሞ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ የመግባት ዕድል አለው። ኤሊ እንደ እኛ ደረትና ሆድን የሚለይ ድያፍራም ስለሌላት ስላ ማስወጣት አትችልም፤ ሳንባዋ የገባው እዚያው ይቀራል።

ሰውየው ዓይኑ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ነበር። «መርፌ አይሻላትም ዶክተር?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ፣ ከዚህ ርቃ በምትገኝ ከተማ፣ መዥገር የወረራትና ምግብ የተወች ኤሊ አምጥተውልኝ ነበር። እጄ ወደ አይቨርሜክቲን ሄደ። በየቀኑ ለከብቱም ለበጉም የምንወጋው መድኃኒት ነው፤ ለ50 ኪሎ እንስሳ 1 ሚሊ ሊትር። ለሚዛኗ አስልቼ ጥቂት ጠብታ ወጋኋት። በማግስቱ እግሮቿ ዛሉ። ጭንቅላቷን መመለስ አቅቷት አንገቷ ተዘርግቶ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። አይቨርሜክቲን ከብት ውስጥ ትሉን ሽባ አድርጎ የሚገድል ነው፤ ኤሊ ውስጥ ግን አንጎል ድረስ ዘልቆ እሷኑ ሽባ ያደርጋታል። ይህ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥናት ታትሞ የወጣ ነገር ነው፤ የተጠናባቸው ኤሊዎች ውስጥም የእኛዋ ባለ ነብር ልባሷ ነበረችበት። እኔ አላነበብኩም ነበር። ያንን ጊዜ መዥገሮቹን በወስፌ ጫፍና በትዕግሥት አንድ በአንድ ልነቅላቸው እችል ነበር። ይህን የምጽፈው በየወረዳው ያሉ ባልደረቦቼ እንዲያነቡት ነው፤ ለኤሊ አይቨርሜክቲን በምንም መጠን አይሰጥም።

ስለዚህ መርፌ አላነሳሁም። አገላብጬ አየኋት። አፍንጫዋ ላይ አረፋ የለም፤ አፏን ከፍታ አትተነፍስም፤ ዓይኗ አላበጠም፤ በኋላ እግሮቿ በኩል በጣቴ ስዳስስ እንቁላል የሚመስል ነገር አላገኘሁም። ይህን የምፈትሸው እንቁላል የያዘች ኤሊም ምግብ ስለምትተው ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ዓይኗ ግን ትንሽ ገባ ብሏል፤ የእግሯ ቆዳም ደርቋል። የተጠማች ናት።

ለቤተሰቡ የነገርኳቸው ቅደም ተከተሉን ነው፤ መጀመሪያ ሙቀት፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ መደበቂያ። ምግብ የመጨረሻው ነው። ከሲሚንቶው አንስተው ሣጥን ውስጥ አፈርና የደረቀ ኮባ ያንጥፉላት። በአንደኛው ጫፍ አምፖል ይሰቀል፤ ሌላው ጫፍ ቀዝቀዝ ይበል፤ ሲበርዳት ወደዚህ፣ ሲሞቃት ወደዚያ ራሷ ትሂድ። መብራት ሲጠፋ፣ ክረምት ነውና መጥፋቱ አይቀርም፣ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ተጠቅልሎ አጠገቧ ይቀመጥ። ጄሪካን ለሁለት ተቆርጦ ተደፍቶ ቤት ይሁናት። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሳፋ ውስጥ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት ለብ ያለ ውኃ አገጯ ድረስ ተሞልቶ ለ20 ደቂቃ ትነከር።

እዚህ ላይ አያትየዋ አቋረጡኝ። ጎረቤት፣ ኤሊ የውኃ ናትና በርሜል ውስጥ ጨምሯት ብሎ መክሯቸው ኖሯል። አለመጨመራቸው እድሏ ነው። በቋንቋችን የየብሷም የውኃዋም ስም ኤሊ ነው፤ ይህ አንድ ስም ብዙ ያሳስታል። የየብሷ የውኃ ኑሮ የላትም፤ በርሜል ውስጥ ትሰጥማለች። በተቃራኒው ሜሪላንድ የምትኖር የእህቴ ልጅ አንድ ሌሊት ደውላ ለልጇ የገዛችላት ጆሮዋ ላይ ቀይ መስመር ያላት ትንሽ የውኃ ኤሊ ለአንድ ሳምንት አልበላ እንዳለች ነገረችኝ። ምግቡን ያስቀመጠችላት ድንጋዩ ላይ ነው፤ ውኃው ደግሞ በረዶ ነው። ያቺኛዋ የምትውጠው ውኃ ውስጥ ሆና ብቻ ነው፤ ውኃውም 25 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ ፍላጎቷ አይመጣም። ማሞቂያ ገዝተው ምግቡን ውኃው ላይ ሲበትኑት በአራተኛው ቀን በላች። የዚያችን ኤሊ ትንሽነት ስሰማ ግን ደነገጥኩ፤ በአሜሪካ ልባሳቸው ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሆኑ ኤሊዎችን መሸጥ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለው ሕፃናት ወደ አፋቸው እየወሰዷቸው በሳልሞኔላ ስለሚታመሙ ነው። እዚህም ለልጁ የነገርኩት የመጀመሪያው ነገር፣ ነክተሃት እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ ቁርስ እንዳትነካ የሚል ነው።

ሚዛን አላችሁ ወይ ብዬ ስጠይቅ አባትየው ፈገግ አለ። በርበሬ ነጋዴ ነው። እኔ ጋ 2 ኪሎ ከ140 ግራም መዝናለች፤ በየሦስት ቀኑ በበርበሬ ሚዛኑ መዝኖ እንዲጽፍ ልጁን አዘዝኩት። ኤሊ በጥሩ ሙቀትና በቂ ውኃ ሳምንታት ሳትበላ ልትቆይ ትችላለች፤ ሚዛኗ ከአሥር አንድ እጁን ካጣ ግን መጠበቁ ያበቃል፤ ያን ጊዜ በቱቦ መመገብም ሌላም ሕክምና አለ። ሚዛን ከሌለ ሰው በስሜቱ ይመራል፤ ስሜት ደግሞ አጉርስ አጉርስ ይላል።

ማጉረስ ፈጽሞ ክልክል ነው እያልኩ አይደለም። ሴንት ሄሌና በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ላይ ጆናታን የሚሉት ግዙፍ ኤሊ አለ፤ በ1832 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል። አርጅቶ ዓይኑ ሲጠፋና ማሽተት ሲያቅተው ሣር መስሎት አፈርና የደረቀ ቅጠል ይነክስ ጀመር፤ አፉም ደነዘ። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ ጓንት አጥልቆ በሳምንት አንድ ቀን አትክልትና ፍራፍሬ ሲያጎርሰው አፉ ተመልሶ ሰላ፤ ሰውነቱም አገገመ። ልዩነቱ ይታያችሁ፤ ጆናታን መብላት እየፈለገ ያቃተው ነው፤ አፉን ራሱ ይከፍታል። የእኛዋ አቅም አላት፤ ፈቃዷ ነው የሌለው። ይህን ሳይለዩ ማጉረስ ከደግነት ቢነሳም ደግነት ሆኖ አይደርሳትም።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ብቻውን ወደ ክሊኒኩ ሮጦ መጣ። ሳፋው ውስጥ እያለች አንገቷን ዘርግታ፣ አፍንጫዋን ውኃው ውስጥ ነክራ ለረጅም ጊዜ ጠጣች፤ ከዚያ ነጭ ሊጥ የመሰለ ነገር አወጣች፤ ሞተች እንዴ? አልሞተችም። ኤሊ ውኃ ስታጣ ሽንቷን አምቃ ትይዛለች፤ ያ ነጭ ነገር የተጠራቀመው ነው። መውጣቱ ኩላሊቷ እፎይ ማለቱ ነው። ሚዛኗ 2 ኪሎ ከ205 ሆኗል። ገና ምንም አልበላችም።

ቀጥሎ ያሉት ቀናት ለቤተሰቡ ከባድ ነበሩ። አያትየዋ ሰርዶ፣ ማገጥና ለጋ የኮሸሽላ ቅጠል አምጥተው በሰሃን ያቀርባሉ፤ ሳትነካው ይጠወልጋል። ከጫትና ከአትክልት ማሳ ዳር ሣር እንዳያመጡ አስጠንቅቄያቸዋለሁ፤ የሚረጨው መርዝ አለ። የበለስ ቅጠል እሾሁ ተለቅሞ ጥሩ ምግብ ነው፤ አጥር የሚሆነውን ቁልቋል ግን እንዳያምታቱት፣ ወተቱ መርዝ ነው። ይህ ሁሉ እየተደረገ አልበላችም። በየማታው ይደውላሉ፤ እኔም በየማታው ያንኑ እላለሁ፦ ተዉአት፤ አታንሷት፤ ሰው እንዳይሰበሰብባት።

በስድስተኛው ቀን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ደመናው ተገለጠ። በእንደዚህ ያለ ሰዓት ወደ ግቢ እንድትወጣ ነግሬያቸው ስለነበር ልጁ አውጥቶ ሣሩ ላይ አኖራት። በአጋጣሚ እኔም ጥጃቸውን ለማየት እዚያው ነበርኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ፀሐይ ከሞቀች በኋላ እግሯን ዘረጋች፣ ሦስት አራት እርምጃ ሄደች፣ አንገቷን አዘነበለች፤ ከዚያ ሰርዶውን ነክሳ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች። ቀጭ! አያትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ያን ጊዜ እኔም አንድ ነገር ገባኝ። ኤሊ ጥርስ የላትም፤ ነክሳ ወደ ኋላ ስትስብ ሣሩን የሚይዝላት ሥሩ ነው። ሰሃን ላይ ያለ ቅጠል ግን ስትስበው አብሯት ይመጣል። ምግቡ እንደቀረበላት እኛ ብናስብም ለእሷ ገና አልቀረበም ነበር። ከዚያ ወዲህ ለሚያማክረኝ ሁሉ፣ ሳትነቅሉ ወደ ሣሩ ውሰዷት እላለሁ።

በሁለት ሳምንት 2 ኪሎ ከ310 ደረሰች። አሁን ደግሞ ከባዱን ነገር መናገር ነበረብኝ። ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፤ በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ቤት ውስጥ ማኖር አይቻልም። አባትየው ይህን አያውቅም ነበር። ብዙ ሰው አያውቅም፤ እንደ ድመት ያያታል። የተገኘችበት የማይታወቅ ቢሆን ኖሮ ሆለታ አጠገብ ቦርን ፍሪ ኢትዮጵያ በሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ ማዕከል በኩል እንሞክር ነበር። የእሷ ግን ማሳው ይታወቃል፤ ከሌላ ኤሊ ጋር አልተቀላቀለችም፤ ጤነኛ ናት። ክረምት ደግሞ በቆላው ሣር የሚጠግቡበት ወራት ነው፤ እዚህ የምታሳልፈው እያንዳንዱ ቀን ከዚያ ይቀነስባታል። ልጁ አለቀሰ። አልቆጣሁትም፤ ሚዛኗን የጻፈበትን ደብተር ይዞት እንዲቀር ብቻ ነገርኩት።

የዱር እንስሳት ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳ ባለሙያ አሳውቀን፣ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ፀሐይ በወጣበት ቀን ወረድን። ማሳው ዳር ግራር ሥር አስቀመጥናት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ልጁ አላስቻለውም፤ እፍኝ ሰርዶ ነጭቶ ፊቷ ላይ አኖረላት። አያትየዋ «በሞቴ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ኤሊዋ ጭንቅላቷን አወጣች፣ የተነጨውን ሣር አልፋ ሄደች፤ ከግራሩ ባሻገር ቆም ብላ ከመሬት የበቀለውን ነከሰች።